ቃልን በእጇ የዳሰሰች ተማሪ

ሄለን ኬለር እ.ኤ.አ. በ1880 በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት ተወለደች። ገና በ19 ወሯ በያዛት ጽኑ ሕመም ምክንያት ማየትም መስማትም ተሳናት። ከዚያ በኋላ ፍላጎቷን የምትገልጸው በጥቂት የእጅ ምልክቶች ነበር፤ ሰው ሳይረዳት ሲቀር በንዴት ትጮኻለች፣ ትማታለች።

በ1887 መምህርት አን ሱሊቫን ወደ ቤታቸው መጣች። መምህርቷም ራሷ ዓይኗ ደካማ ነበር። አንድ ቀን የሄለንን እጅ ከፓምፕ በሚወርድ ውሃ ሥር አድርጋ፣ በሌላው መዳፏ ላይ የውሃን ስም በጣት ፊደላት ጻፈችላት። ሄለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ገባት።

ስም ብቻውን ግን ዓረፍተ ነገር አይሆንም። መምህርቷ ፊደላቸው በጣት የሚዳሰስ የቃላት ወረቀቶች ሰጠቻት። ሄለን አሻንጉሊቷን አልጋ ላይ አስተኝታ ነው፣ ላይ፣ አልጋ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከጎኗ ትደረድራለች። አንድ ጊዜም ልጃገረድ የሚለውን ቃል በልብሷ ላይ ሰክታ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ ቆመች፤ የቀሩትን ቃላት በመደርደሪያው ላይ ደረደረች። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ይከተላል፣ መስተዋድዱም ከስሙ ይቀድማል። ሄለን ይህን ቅደም ተከተል የተማረችው በጨዋታ ነው።

የማይዳሰሰውን ነገር መረዳት ይበልጥ ከበዳት። ፍቅር ምን እንደሆነ ስትጠይቅ መምህርቷ ከደመና ጋር አነጻጸረችላት፤ ደመናን መንካት አንችልም፣ ዝናቡ ግን ይሰማናል፣ የተጠማችው ምድርም ደስ ይላታል። ፍቅርን ከደመና ጋር ማነጻጸር ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ ምድርን እንደ ሰው ደስ አላት ማለት ደግሞ ሰውኛ ዘይቤ ነው። ዘይቤ ለሄለን የንግግር ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እጇ ወደማይደርስበት የሚያደርሳት መንገድ ነበር።

ሄለን በ1903 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች፤ በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ በማዕረግ ተመረቀች። በ1968 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ብዙ መጻሕፍት ጽፋለች።

እኛ መምህራን የሰዋስው ሕግ አስሸምድደን፣ ተማሪው አፉን ለመክፈት ሲፈራ ብዙ ጊዜ ዝም ብለን አልፈናል። ጥፋቱ የእኛም ነው። በሚመጣው ዓመት ትምህርቱን ከሚዳሰሰው ነገር እንጀምራለን። ወላጆችም እንግሊዝኛ ባትችሉ እንኳ ልታግዙን ትችላላችሁ፤ ሲኒውን ጠረጴዛ ላይ፣ ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ አስቀምጡና ልጃችሁ ያየውን በእንግሊዝኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ቢሳሳት አትሳቁበት፤ እንደገና ይሞክር።