ሥራቸውን በጽሑፍ ያቆዩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በጨፋ ሸለቆ ለዓመታት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ በየትኛውም መመሪያ ተጽፎ የማይገኝ ብዙ ዕውቀት ያካብታል። የቦርከና ወንዝ በክረምት እስከ የት ሞልቶ እንደሚተኛ፣ በበጋ ከአፋር ቆላ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ሸለቆው ሣር የሚወጡት አርብቶ አደሮች በየት በኩል እንደሚገቡ፣ በግጦሽና በውሃ ጠብ ሲነሳ እነማን ሽማግሌዎች ቢጠሩ እርቅ እንደሚወርድ ያውቃል። ሠራተኛው ከከሚሴ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። ተተኪውም ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

በሥራ የተገኘ ዕውቀት ከባለሥልጣኑ ጋር እንዳይቀበር በማድረግ ረገድ በኢትዮጵያ የመንግሥት አገልግሎት ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሱት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የከተማ አስተዳዳሪ፣ ዳኛ፣ መልእክተኛና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በእነዚሁ ዓመታት የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ መሠረት ከጣሉት ጥቂት ደራስያን አንዱ ለመሆን በቅተዋል። ሁለቱ ሥራዎች በእርሳቸው ዘንድ የተለያዩ አልነበሩም።

ኅሩይ የተወለዱት በሸዋ በመርሐቤቴ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም ነው። የዕውቀታቸው መሠረት የቤተ ክህነት ትምህርት ሲሆን፣ በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተምረውና አገልግለው ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ ተሸጋገሩ። በዚያ ዘመን የግዕዝ ሊቅ መሆን ለጸሐፊነት የሚያበቃ ቢሆንም ወደ ከፍተኛ ሥልጣን የሚያደርሰው የተለመደው መንገድ የጦር አለቅነትና የመሳፍንት ዘር ነበር። ኅሩይ ግን ከጸሐፊነት ተነስተው እስከ ሚኒስትርነት የደረሱት በብዕራቸውና በሥራ ትጋታቸው ነው።

ቀደምት ሥራቸው የደራሲን ዝና የሚያስገኝ ዓይነት አልነበረም። በ1904 ዓ.ም ያሳተሙት በኢትዮጵያ በግዕዝና በአማርኛ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚቆጥር ዝርዝር ነው። አገር ምን መጻሕፍት እንዳሏት ሳይታወቅ ትምህርትን ማስፋፋት አይቻልም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መቁጠርና መመዝገብ አስፈላጊ ነበር። ይህ ከንብረት ክፍል መዝገብ ያልተለየ የሚመስል ሥራ ዛሬ የአገሪቱን የጽሑፍ ታሪክ የሚያጠና ሁሉ የሚጠቅሰው ሰነድ ነው። በ1915 ዓ.ም ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍም በተመሳሳይ መንገድ የታወቁ ሰዎችን ስምና ሥራ ሰብስበው በኋላ ዘመን ለሚነሱ ልጆች አስቀርተዋል።

ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ውጭ አገር መላክ ሲጀምሩም ይኸው ልማድ አልተለያቸውም። በሰኔ ወር 1903 ዓ.ም በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ላይ ለመገኘት በኋላ ልዑል ራስ በተባሉት በካሣ ኃይሉ ከተመራው ልዑክ ጋር ወደ ለንደን ተጓዙ። በ1911 ዓ.ም ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በአውሮፓ ባደረጉት ረጅም ጉብኝት አብረው ነበሩ። ይህን ጉዞ የሚተርከውን ደስታና ክብር የተሰኘ መጽሐፍም በዚያው ዓመት አሳተሙ። የጉዞ ሪፖርት በሣጥን ተቆልፎ እንዲቀር ሳይሆን፣ ያልተጓዘው ሕዝብ መሪዎቹ የት ሄደው ምን እንዳዩ እንዲያነብ አደረጉ።

በአገር ውስጥ የአዲስ አበባን ከተማ አስተዳድረዋል፤ በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ዜጎች መካከል የሚነሱ ክርክሮችን የሚያየውን ልዩ ፍርድ ቤትም በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የጋብቻ፣ የውርስ፣ የድግስና የዕዳ ጉዳይ በየቀኑ ወደ አስተዳዳሪና ወደ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ነው። በልብ ወለድ ሥራዎቻቸው የምናገኘውም ይህንኑ ነው። በ1923 ዓ.ም በታተመው የልብ አሳብ በተሰኘው የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ታሪክ ያለዕድሜ ጋብቻ የሚያስከትለውን ጉዳት አሳዩ። በ1925 ዓ.ም በታተመው አዲስ ዓለም ደግሞ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከዘመዶቹና ከካህናት ጋር በተዝካር ወጪና በመሰል ልማዶች ላይ ያደረገውን ትግል ተረኩ። አዋጅ ማወጅ ብቻውን ልማድን እንደማይለውጥ የሚያውቅ ባለሥልጣን ሕዝቡ ራሱን የሚያይበትን ተረት ጻፈ ማለት ይቻላል።

ደራሲ ቢኖርም ማተሚያ ከሌለ መጽሐፍ አንባቢ ዘንድ አይደርስም። ኅሩይ ይህን ተገንዝበው ጎሃ ጽባሕ የተባለ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። በዚያ ዘመን አንባቢው ጥቂት ስለነበር ከዚህ ሥራ ትርፍ መጠበቅ አዳጋች ነበር። መሪ ከሐሳቡ ባሻገር ሐሳቡ የሚደርስበትንም መንገድ መሥራት እንዳለበት ግን ይህ ተግባራቸው ያስረዳል።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም ወደ ጃፓን በልዩ መልእክተኛነት ተጉዘው በንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘንድ አቀባበል ተደረገላቸው። ሲመለሱ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተሰኘውን መጽሐፍ ጻፉ። በዚያን ጊዜ በርካታ የኢትዮጵያ ምሁራን ጃፓን ዘውዷንና ባህሏን ሳትጥል በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ መሠልጠኗን በአድናቆት ይመለከቱ ነበር። የኅሩይ መጽሐፍም ይህን ተስፋ ለአንባቢ አካፈለ።

ተስፋው ግን በሚጠበቀው መንገድ አልተፈጸመም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም በወልወል ግጭት ሲነሳ ኅሩይ በ1920 ዓ.ም ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል በሚያዘው መሠረት ጉዳዩ በዳኝነት እንዲታይ ጠየቁ። በታኅሣሥ ወር ለመንግሥታት ማኅበር ቴሌግራም ላኩ። ከወራት በኋላ በነሐሴ 1927 ዓ.ም የግልግል ኮሚሽኑ ለግጭቱ ሁለቱንም ወገኖች ተጠያቂ ሳያደርግ ቀረ። ጣሊያንም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ወረራውን ጀመረች። ጃፓንም ብትሆን በ1929 ዓ.ም የጣሊያንን ይዞታ ከተቀበሉት መንግሥታት ጋር ቆመች። በሕግና በጽሑፍ ያመነ አንድ ሚኒስትር ማድረግ የሚገባውን ሁሉ በጊዜውና በሥርዓቱ አድርጎ ሳለ አገሩ ተወረረች።

ኅሩይ በ1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ ስደት ሄዱ። ለዓመታት የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በኅትመት ላይ ሳለ ጦርነቱ ደረሰበት። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በወራሪው ጦር ተገደለ። እርሳቸውም የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በ60 ዓመታቸው አረፉ።

ሕይወታቸው በሹመት ብቻ ቢለካ ኖሮ በዚያች በሽንፈት ዘመን ባበቃ ነበር። የያዙት ሥልጣን አለፈ፤ የላኳቸው ደብዳቤዎችም ወረራውን አላስቀሩም። በሥራ መካከል የቆጠሯቸው መጻሕፍት፣ የመዘገቧቸው ሰዎች፣ የጻፏቸው የጉዞ ትረካዎችና ልብ ወለዶች ግን ከወራሪው ጦር መውጣት በኋላ ለተነሳው ትውልድ መነሻ ሆኑ።

ዛሬ በየደረጃው ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ደራሲ ይሁን ማለት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የፈጠራ ሥራ የሚጀመረው ግን በየቢሮው ካለው ከዚያው ከዕለት ተዕለት ተግባር መሆኑን ከኅሩይ ሕይወት መረዳት ይቻላል። በጨፋ ሸለቆ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ የአርብቶ አደሩን የበጋ ጉዞ ከዓመት ዓመት ቢመዘግብ፣ የፍትሕ ሠራተኛ በሽማግሌዎች የተፈቱ ጉዳዮችን ሥርዓት በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ተተኪው ሥራውን የሚጀምረው ከባዶ አይሆንም። የሥራ ኃላፊም በሥሩ ላሉት ሠራተኞች የሚጽፉበትን ጊዜና የጻፉት የሚነበብበትን መድረክ ቢያመቻች፣ እርሱ ከቦታው ከተነሳ በኋላም ሥራው ይቀጥላል።