ቻርለስ ቶምሰን፦ የአዲሲቱን አሜሪካ ቃለ ጉባኤ ለ15 ዓመታት የያዙት ሰው

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አበው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 4 ቀን 1776 የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ጸድቆ በፊላደልፊያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም፣ ከአታሚው ስም ሌላ በወረቀቱ ግርጌ የሰፈረው የሁለት ሰዎች ስም ብቻ ነበር። አንደኛው የጉባኤው ፕሬዚዳንት ጆን ሃንኮክ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ውሳኔው በእርግጥ የጉባኤው ስለመሆኑ ያረጋገጡት ጸሐፊ ቻርለስ ቶምሰን ናቸው።

ቻርለስ በ1729 በሰሜን አየርላንድ ተወለደ። እናቱ በሞት ስትለየው አባቱ ልጆቹን ይዞ በ1739 ወደ አሜሪካ ተሳፈረ፤ ነገር ግን የብስን ሳይረግጥ መርከብ ላይ ሕይወቱ አለፈ። የ10 ዓመቱ ልጅ ኒው ካስል በተባለች የወደብ ከተማ ያለ ወላጅ ቀረ፤ ከወንድሞቹም ተለየ። ያስጠጋው አንድ አንጥረኛ ነበር። ቤተሰቡ ሙያውን ሊያስለምዱት ሲመክሩ ሰምቶ፣ ልቡ ወደ ትምህርት አዘንብሎ ስለነበር ከቤቱ እንደኮበለለ ይነገራል። ምኞቱም ሠመረለት፤ ፍራንሲስ አሊሰን ከተባሉት መምህር ዘንድ ተማረ። በ1750 ደግሞ በፊላደልፊያ የላቲን ቋንቋ አስተማሪ ሆነ።

የቶምሰን ስም በታማኝነት የተነሳው በመሬት ሙግት ነው። በ1737 የፔንሲልቬንያ ገዥዎች ሌናፔ ከተባሉት የአገሬው ተወላጆች ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት፣ የሚወስዱት መሬት አንድ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በእግሩ ተጉዞ በሚደርስበት ርቀት የሚለካ ነበር። ገዥዎቹ ግን መንገድ አስጠርገው፣ ፈጣን ሯጮች ቀጥረው፣ ባለርስቶቹ ፈጽሞ ያላሰቡትን ሰፊ ምድር ወሰዱ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1757፣ ሁለቱ ወገኖች በኢስተን ከተማ ለድርድር ሲቀመጡ የሌናፔው አለቃ ቲዲዩስኩንግ አንድ ብርቱ ጥያቄ አነሱ። ቃለ ጉባኤውን የገዥው ጸሐፊ ብቻ ሊይዝ አይገባም፤ የእኛም ጸሐፊ ይቀመጥ አሉ። አገረ ገዥው ቢያንገራግሩም በመጨረሻ ፈቀዱ፤ የተመረጡትም ቶምሰን ነበሩ። የተባለውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ስለመዘገቡ ሌናፔዎች እውነት ተናጋሪው ሰው የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡላቸው። ቶምሰንም የሌናፔዎችን ቅሬታ መነሻ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፈው በ1759 ለንደን ላይ ታተመ።

በሴፕቴምበር 1774 ከቅኝ ግዛቶቹ የተላኩ ልዑካን በፊላደልፊያ አህጉራዊውን ኮንግረስ ሲመሠርቱ፣ ቶምሰን ሐና ሃሪሰን የተባሉትን ባለቤታቸውን ካገቡ ገና ቀናት መቆጠራቸው ነበር። ልዑካኑ በጸሐፊነት ሲመርጧቸው ሥራው ለአጭር ጊዜ የሚቆይ መስሎ ነበር። እርሳቸው ግን 15 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሱም። በእነዚያ ዓመታት 14 ሰዎች በፕሬዚዳንትነት ተፈራርቀዋል፤ ከ300 በላይ ልዑካንም ገብተው ወጥተዋል። ያልተለወጡት ጸሐፊው ብቻ ናቸው።

የዕለት ሥራቸው በአደባባይ የሚዘመርለት አልነበረም። ከጦር አዛዦች የመጣውን ደብዳቤ ለጉባኤው ያነባሉ፤ የዜጎችን አቤቱታ ለሚመለከተው ኮሚቴ ያስተላልፋሉ፤ የግዛቶችን ድምጽ ቆጥረው ይመዘግባሉ፤ የሹመት ደብዳቤ ያረጋግጣሉ፤ የውሳኔ ግልባጭ ለየግዛቱ ይልካሉ። በምስጢር ሊያዝ የሚገባው ጉዳይ ደግሞ የራሱ መዝገብ ነበረው። ጦርነቱና የበጀት እጦቱ ጉባኤውን ከከተማ ወደ ከተማ ሲያሳድደው፣ ከፊላደልፊያ እስከ ባልቲሞር፣ ላንካስተር፣ ዮርክ፣ ፕሪንስተን፣ አናፖሊስ፣ ትሬንተንና ኒው ዮርክ ድረስ መዝገቡም አብሮ ተጓዘ።

ቶምሰን በመዝገቡ ያሰፈሩት በዋናነት ውሳኔውን እንጂ ክርክሩን አልነበረም። ይህ አሠራር ጉባኤው በአንድ ድምጽ የሚናገር አስመስሎ አንድነቱን ቢያጠነክርም፣ ቅሬታ ማስነሳቱ አልቀረም። ጄምስ ሲርል የተባሉ ልዑክ ንግግሬ ተዛብቶ ተመዝግቧል በሚል ከጸሐፊው ጋር በዱላ እስከ መማታት ደርሰዋል።

የዚህ ሥራ ክብደት ከምንም በላይ የታየው በ1784 መባቻ ነው። ጦርነቱን የሚያበቃው የፓሪስ ውል ተፈርሞ በስድስት ወር ውስጥ ጸድቆ መመለስ ነበረበት። ለማጽደቅ የዘጠኝ ግዛቶች ልዑካን ያስፈልጉ ነበር፤ በአናፖሊስ ግን ምልዓተ ጉባኤው ሳይሟላ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ታመው የነበሩ አንድ ልዑክ ጭምር ደርሰው፣ ጃንዋሪ 14 ቀን ውሉ ጸደቀ። ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ሚፍሊን ፈረሙ፤ ቶምሰንም አረጋገጡ።

ዛሬ በአንድ ዶላር ኖት ጀርባ የሚታየው ንስር የእርሳቸው አሻራ ነው። ሦስት ኮሚቴዎች በስድስት ዓመት ውስጥ ያልቋጩትን የብሔራዊ ማኅተም ጉዳይ ጉባኤው በጁን 1782 ለጸሐፊው ሰጣቸው። ቶምሰን ከሦስቱም ሐሳብ አውጣጥተው፣ በአንድ እግሩ የወይራ ዝንጣፊ፣ በሌላው 13 ቀስቶች የያዘውን ንስር መሐል ላይ አቆሙት። ዊልያም ባርተን የተባሉ ባለሙያ ካስተካከሉት በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጸደቀ።

በኤፕሪል 1789 ከኒው ዮርክ ተነስተው ለአንድ ሳምንት ተጉዘው፣ ለጆርጅ ዋሽንግተን በርስታቸው በማውንት ቨርነን ፕሬዚዳንት ሆነው መመረጣቸውን ያበሠሩት ቶምሰን ናቸው። ይሁን እንጂ በአዲሱ መንግሥት ለእርሳቸው የሚመጥን ቦታ አልተገኘም፤ የሴኔቱ ጸሐፊነትም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጁላይ 23 ቀን 1789 ሥራቸውን ለቀቁ፤ መዛግብቱንና ማኅተሙንም አስረከቡ።

ከዚያም ሃሪተን በተባለው የባለቤታቸው ርስት ተቀምጠው እርሻቸውንና መጻሕፍታቸውን ያዙ። የሰባ ሊቃናትን የግሪክ ብሉይ ኪዳን፣ ማለትም የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመበትን ምንጭ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1808 ከአዲስ ኪዳን ጋር በአራት ቅጽ አሳተሙ።

ከሥራቸው ሁሉ አንዱ ግን ለትውልድ አልደረሰም። ከ1,000 ገጽ በላይ የፈጀ የአብዮቱን ታሪክ ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን በገዛ እጃቸው አጠፉት። ምክንያታቸው እውነቱ ቢወጣ በታላላቅ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ ኀዘን ያመጣል የሚል ነበር። እውነት ተናጋሪ የተባሉት ሰው የጉባኤውን ውሳኔ ለሀገር አስረክበው፣ የሰዎቹን ገመና ይዘው ኦገስት 16 ቀን 1824 በ94 ዓመታቸው አረፉ። ጠፍቶ የቀረው ምን ያህል እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ያቆዩት ቃለ ጉባኤ ግን ከ1904 እስከ 1937 በ34 ቅጾች ታትሞ፣ ስለዚያ ዘመን የሚጠይቅ ሁሉ ቀድሞ የሚገልጠው መዝገብ ሆኗል።