ሕመም የማይሰማው ክንድ
የኢየሩሳሌሙ ንጉሥ የአራተኛው ባልድዊን ሕይወት

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን ሰው የምናስብበት። በዚያችው በኢየሩሳሌም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሌላ በሽተኛ ነበር፤ እርሱ ግን የተቀመጠው በዙፋን ላይ ነው። ስሙ ባልድዊን ይባላል፤ በ1161 ተወለደ (ዓመታቱን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። የመስቀል ጦረኞቹ የላቲኖች ንጉሥ እንጂ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለም፣ ከቅዱሳን ተርታም አልተቆጠረም። የመስቀል ጦረኞች በ1099 ከተማዋን ሲይዙ ያፈሰሱትን ደምም አንረሳም። የዚህ ልጅ ሕመም ግን ዛሬ ለብዙ ቤት የሚሆን ነገር ስላለው እንነግራችኋለን።

አባቱ ንጉሥ አማልሪክ ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ለአንድ ሊቅ እንዲያስተምረው ሰጠው። ሊቁ ኋላ የጢሮስ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ዊልያም ነው፤ ታሪኩንም የጻፈልን እርሱ ነው። አንድ ቀን የመኳንንቱ ልጆች እየተጫወቱ፣ ልጆች እንደሚያደርጉት፣ አንዱ የሌላውን ክንድ በጥፍሩ ይቆነጥጥ ጀመር። ሌሎቹ ይጮኻሉ፣ ባልድዊን ግን ዝም። መምህሩ መጀመሪያ ልጁ ታጋሽ ነው ብሎ ደስ አለው። ነገሩ ሲደጋገም ግን ጠርቶ መረመረው፤ የቀኝ ክንዱና እጁ እኩሌታ ጭራሽ አይሰማውም! ቢቆነጥጡት፣ ቢነክሱትም ምንም አልነበረም። እስቲ አስቡት፣ ይህን ለአባት መንገር እንዴት ከባድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እናንተም የምታውቁት ነው። ሐኪም ይጠራል፣ ሌላ ሐኪም ይመጣል። በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ማሸት፣ ጭራሽ መርዝነት ያለው መድኃኒት ሳይቀር ተሞከረ፤ አንዱም አልረዳም። አባቱ በግብፅ ይሠራ የነበረውን አቡ ሱለይማን ዳውድ የሚባል ዐረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ሐኪም ከአምስት ልጆቹ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም አምጥቶት ነበር፤ ልጁን ያከመው እርሱ ነው። ሊያድነው አልቻለም። ነገር ግን ከሐኪሙ ልጆች አንዱ፣ አቡል ኸይር፣ ለባልድዊን ፈረስ መጋለብ አስተማረው፤ ልጁም ጎበዝ ፈረሰኛ ወጣው። ከመድኃኒቱ ሁሉ ይልቅ የጠቀመው ይህ ይመስለኛል።

ሕመሙ ምን ነበር? በዚያን ጊዜ ደፍሮ ስሙን የጠራ የለም፤ በቆዳው ላይ ገና የሚታይ ነገር አልነበረማ። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግን ፊቱና እጁ እግሩ ተለወጠ፣ ሥጋ ደዌ መሆኑም ታወቀ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የተባለው ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመም የሚያጠቃልል ነው፣ ዛሬ ደግሞ እኛ ለምጽ የምንለው ቆዳው ነጭ የሚሆነውን፣ የማይተላለፈውን ነው። ሥጋ ደዌ ሌላ ነው። ምክንያቱ በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ መሆኗን የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን ያገኘው በ1873 ነው፤ ከባልድዊን ሞት ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ባክቴሪያዋ ነርቭን ትጎዳለች፤ ለዚህ ነው መቆንጠጡ ያልተሰማው። ሰውነት ውስጥ ከገባች በኋላ ምልክት ሳይታይ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ አንዳንዴ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል ቀለሙ የፈዘዘ ወይም የቀላ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ቆዳው ላይ ያለ ሰው አይጠፋም። ይደብቀዋል። በዘር ነው ይሉኛል፣ እርግማን ነው ይሉኛል፣ ልጄን የሚያገባ ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ጸበሉን ተጠመቁ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን ጤና ጣቢያም ሂዱ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል፣ ያድናልም። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል፤ ድሮውንም አብዛኛው ሰው ተፈጥሮው ይከላከለዋል። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ከ1965 ጀምሮ የሚታወቀው በዚሁ ሥራ ነው። የቆየ ግን የሞተ ነርቭ አይመለስም፤ ዛሬ ነገ ማለት ጣት ያሳጣል።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። አባቱ ሲሞት፣ በሐምሌ 1174፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነገሠ። በኅዳር 1177 ሳላሐዲን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሠራዊት ይዞ ሲመጣ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ በሽተኛ ግማደ መስቀሉን አስቀድሞ ወጣና ሞንጂዛር ላይ ድል አደረገው። በ2005 የወጣውን ፊልም ያያችሁ የብር ጭምብል አድርጎ አይታችሁት ይሆናል፤ መምህሩ ግን ስለ ጭምብል አንድም ነገር አልጻፈም። ሰው ሁሉ ፊቱን እያየው ነው የገዛው።

በ1183 ናዝሬት ላይ ትኩሳት ጣለው። ዓይኑ ሊጠፋ ደረሰ፣ እጅና እግሩም አልታዘዝ አሉት። ሥልጣኑን ለእኅቱ ባል ለጊ ሰጠ፣ ሰውዬው እንደማይሆን ሲያይ ግን በዚያው ዓመት መልሶ ወሰደበት። የከራክ ምሽግ ተከበበች ሲሉትም በቃሬዛ ተሸክመውት ሄደ፤ ሳላሐዲንም መምጣቱን ሰምቶ ከበባውን ትቶ ተመለሰ።

በ1185 ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ፤ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ከአባቶቹ ጋር ተቀበረ። በ1808 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ የእነዚያ ነገሥታት መቃብሮች ጠፍተዋል። ለመሳለም የምትሄዱ ከጣሪያው ላይ ካለው ከዴር ሡልጣን ገዳማችን ወርዳችሁ ወደ ጎልጎታ ስትገቡ፣ ያ ልጅ የተኛው እዚያው አካባቢ ነው፤ ምልክት ግን አታገኙም።