የዶክተር ባንቲንግ ሕይወትና የኢንሱሊን መገኘት

ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ነበር። በኋላ ግን በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ፈተና የወደቀ አንድ የገበሬ ልጅ አገኘንና እርሱን መረጥን። ፈተና ለተቃረበብን ለእኛ ይህ ነገር ሳያጽናናን አልቀረም።

ፍሬደሪክ ባንቲንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በካናዳ አገር፥ አሊስተን በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን አስበው ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ሕክምና ትምህርት ዞሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክንዳቸውን ቆስለው የጀግና ኒሻን ተሸለሙ። በ1920 ዓ.ም. ለንደን በምትባል የካናዳ ከተማ (የእንግሊዟን ማለታችን አይደለም) የሕክምና ቤት ከፈቱ፤ በመጀመሪያው ወር ያገኙት ገቢ 4 ዶላር ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ተስፋ አልነበረውም። ከሁሉ የተሻለው ሕክምና ረኃብ ነበር፤ ሐኪሞች ምግቡን እጅግ በማሳነስ ዕድሜውን በጥቂቱ ያራዝሙለታል፥ ልጁም ከስቶ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ቆሽቱ የወጣ ውሻ በስኳር በሽታ እንደሚያዝ በ1889 ዓ.ም. ሁለት የጀርመን አገር ሊቃውንት አሳይተው ነበርና፥ መድኃኒቱ በቆሽት ውስጥ እንዳለ ተገምቷል። ነገር ግን ማንም በሚገባ ሊያወጣው አልቻለም።

ባንቲንግ በጥቅምት 1920 ዓ.ም. አንድ ሌሊት አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ አሳብ መጣላቸው። የቆሽቱ ቱቦ ቢታሰር፥ ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ የሚሠራው ክፍል ይሞታል፤ የሚፈለገውም ነገር ሳይበላሽ ይቀራል አሉ። የቶሮንቶው ፕሮፌሰር ማክላውድ ቢጠራጠሩም የመሞከሪያ ክፍልና ውሾች ሰጧቸው፤ ቻርልስ ቤስት የተባለ የ22 ዓመት ወጣትም ረዳት ሆነ። በ1921 ዓ.ም. በጋ ብዙ ውሾች ሞቱባቸው፤ እነርሱ ግን አላቋረጡም። በዚያው ዓመት በሩማንያ ፓውሌስኮ የተባሉ ሊቅ ተመሳሳይ ውጤት አሳትመዋልና፥ ክብሩን ሁሉ ለካናዳ መስጠት ለእኛ ትክክል አይመስለንም።

በጥር 11 ቀን 1922 ዓ.ም. ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፥ ክብደቱ ከ30 ኪሎ በታች ሆኖ ሳለ፥ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ስኳሩ ጥቂት ወረደ፤ የተወጋበት ቦታ ግን መግል ቋጠረ፥ ሕክምናውም ቆመ። ከ12 ቀን በኋላ ኮሊፕ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ያጣሩት መድኃኒት ተሰጠው። ልጁ ያው ነው፥ በሽታውም ያው ነው፤ የተለወጠው የመድኃኒቱ ጥራት ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ቀረበ። ቶምሰን ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ቱቦውን የማሰሩ ዘዴ ኋላ አላስፈለገም፤ መድኃኒቱ ከታረዱ ከብቶች ቆሽት በአልኮል ይወጣ ጀመር። እንግዲህ ባንቲንግን ያደረሳቸው አሳባቸው ብቻ ሳይሆን እልኸኝነታቸውም ነው ብለን እናምናለን። ይኸው እልኸኝነት ግን ክፉ ጎን ነበረው። በ1923 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለእርሳቸውና ለማክላውድ ሲሰጥ፥ ቤስት ቀርቷል ብለው እጅግ ተቆጡ፤ ገንዘባቸውንም ከእርሱ ጋር ተካፈሉ። ማክላውድም በበኩላቸው ለኮሊፕ አካፈሉ። ባንቲንግ በማክላውድ ላይ የያዙት ቂም ከልክ ያለፈ ይመስለናል። የፈጠራውን መብት ግን ባንቲንግ፥ ቤስትና ኮሊፕ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ሸጡ።

ኢንሱሊን በሽታውን ያስታግሣል እንጂ አያጠፋም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚዋጡ ክኒኖች መጡ፤ ቆሽቱ ፈጽሞ ኢንሱሊን ለማይሠራ ልጅ ግን ክኒን መርፌውን አይተካለትም። ለአዋቂዎቹ የቱ እንደሚሻል ሲያከራክር፥ በእንግሊዝ አገር ከ3,800 በላይ በሽተኞች ለብዙ ዓመታት ተጠኑ። ውጤቱ በ1998 ዓ.ም. ሲወጣ፥ በኢንሱሊንም ሆነ በክኒን ስኳራቸው በሚገባ የወረደላቸው ሰዎች የጥቃቅን ደም ሥሮቻቸው ጉዳት ቀንሶ ተገኘ።

ባንቲንግ ይህን አላዩም። በየካቲት 1941 ዓ.ም. በጦርነት ሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ሲጓዙ አውሮፕላናቸው በኒውፋውንድላንድ ደን ውስጥ ወደቀ። ከአራቱ ተሳፋሪዎች የተረፈው አብራሪው ብቻ ነበር። ዶክተር ባንቲንግ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ።