ዴኒስ በርኪት፦ የአንጀት ካንሰር ለምን እዚያ በዛ፣ ለምን እዚህ አነሰ ብለው የጠየቁ ሐኪም

በፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰር የተገኘበት ሰውና ቤተሰቡ ውጤቱን ሲሰሙ፣ ብዙ ጊዜ ስለ ሕክምናው ከመጠየቃቸው በፊት የሚጠይቁት ይህ በሽታ ለምን በእኛ ላይ መጣ የሚለውን ነው። አንዱ የበላውን ጥሬ ሥጋ ያማርራል፤ ሌላው ጭንቀቱን፣ እርግማንን ወይም የሰው ዓይንን ያስባል። ልጆች ደግሞ አባታችንን በደንብ ሳንይዘው ቀርተን ነው ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከተጓዙት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ዴኒስ በርኪት ነበሩ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በስማቸው በተጠራው የሕፃናት ካንሰር፣ በበርኪት ሊምፎማ ነው። የአንጀት ካንሰርን በተመለከተ ያነሱት ጥያቄ ግን ዛሬም ለእኛ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ቅርብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ዓይን ያላቸው ሐኪም

ዴኒስ በርኪት በየካቲት 1911 በሰሜን አየርላንድ፣ ኤኒስኪለን ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ጄምስ በርኪት መሐንዲስ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው የወፎችን እግር በቀለበት እየለዩ እያንዳንዷ ወፍ የት እንደምትኖርና እስከየት እንደምትደርስ በካርታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ልጃቸውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንኑ ዘዴ ለበሽታ ተጠቀሙበት።

ዴኒስ የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በድንጋይ ተመትተው ቀኝ ዓይናቸውን አጡ። ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የጀመሩትን የምሕንድስና ትምህርት ትተው ሕክምና አጠኑ፤ በ1935 ተመረቁ። በ1938 የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆኑ። በአፍሪካ ለመሥራት ለእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የሕክምና አገልግሎት ቢያመለክቱም አንድ ዓይን ብቻ ስላላቸው አልተቀበሏቸውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ገብተው በኬንያ፣ በሶማሊላንድና በሲሎን አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ወደ ኡጋንዳ ሄዱ።

የመጀመሪያ ምድባቸው በሰሜን ኡጋንዳ የምትገኘው ሊራ ነበረች። እዚያም አንድ ነገር አስተዋሉ። በቆለጣቸው ዙሪያ ፈሳሽ የሚጠራቀምባቸው ወንዶች ከአውራጃው አንዱ ወገን በብዛት ይመጣሉ፤ ከሌላው ወገን ግን ጥቂት ናቸው። የታማሚዎቹን መንደር በካርታ ላይ ምልክት ሲያደርጉበት ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። በሽታው በትንኝ ከሚተላለፍ ጥገኛ ትል ጋር የተያያዘ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታማሚ ሲያዩ ምን እንደያዘው ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም መጠየቅ ልማዳቸው ሆነ።

የመንጋጋ እብጠት ያላቸው ሕፃናት

በ1948 ወደ ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ተዛወሩ። በ1957 ባልደረባቸው ዶክተር ሂው ትሮዌል መንጋጋው በሁለቱም በኩል ያበጠ ሕፃን እንዲያዩላቸው ጠሯቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሌላ ሆስፒታል ተመሳሳይ ሕፃን አገኙ። መዝገብ ሲያገላብጡ ብዙ እንደነዚህ ያሉ ሕፃናት መኖራቸውን ደረሱበት፤ ግኝታቸውንም በ1958 አሳተሙ።

በ1961 ከሁለት ሐኪም ጓደኞቻቸው ጋር በአሮጌ የፎርድ መኪና ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተጓዙ። በ10 ሳምንታት ውስጥ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከ50 በላይ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። በየሆስፒታሉ የሕፃናቱን ፎቶ እያሳዩ እንዲህ ያለ ታማሚ አይታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። የተሰበሰበው መልስ በካርታ ላይ ሲሰፍር በሽታው ሞቃትና እርጥበት ባላቸው ቆላማ ቦታዎች በዝቶ፣ በደጋ ጠፍቶ ተገኘ። በምድር ወገብ አካባቢ ድንበሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ በዚህ መለኪያ ከድንበሩ ውጭ ናት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ለንደን ላይ የሰጡትን ገለጻ ያዳመጡት ተመራማሪ አንቶኒ ኤፕስታይን ከካምፓላ በአውሮፕላን የተላከላቸውን የእብጠት ናሙና መመርመር ጀመሩ። በ1964 ከባልደረቦቻቸው ጋር በናሙናው ውስጥ ቫይረስ አገኙ። ዛሬ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ይባላል። ከሰው ካንሰር ጋር ተያይዞ የተገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ሲሆን፣ ከጨጓራ ካንሰሮችም ከ10 አንዱ ያህሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ መሆኑ በኋላ ታውቋል።

ይህ ቫይረስ ግን በዓለም ላይ አብዛኛውን ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ካንሰር የሚይዘው እጅግ ጥቂቱን ነው። በአፍሪካ ቆላ የሕፃናቱ በሽታ የበዛው ተደጋጋሚ የወባ ሕመም ስለተጨመረበት ነው። ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ምክንያት አይመጣም፤ ለሚከተለውም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ከመንጋጋ ወደ አንጀት

በርኪት በ1966 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። እዚያ የሆስፒታሎቹ አልጋዎች የተሞሉት በኡጋንዳ ለ20 ዓመታት ያህል እምብዛም ባላዩዋቸው በሽታዎች ነበር፤ የትርፍ አንጀት ሕመም፣ የሐሞት ጠጠርና የትልቁ አንጀት ካንሰር ዋናዎቹ ናቸው። በ1967 ፒተር ክሊቭ የሚባሉ የባሕር ኃይል ሐኪም አገኙ። ክሊቭ የእነዚህ በሽታዎች መነሻ የተፈተገ ዱቄትና ስኳር ነው ይሉ ነበር። በርኪት ሐሳቡን እንደ ልማዳቸው በካርታ ለመፈተሽ ተነሡ። በአፍሪካና በሌሎች አገሮች ላሉ ከመቶ በላይ ሆስፒታሎች ደብዳቤ እየላኩ በየወሩ ስንት የአንጀት ካንሰር ታማሚ እንዳዩ ጠየቁ። የሚመለሰው ቁጥር ከገጠር አፍሪካ ሆስፒታሎች እጅግ ትንሽ ነበር።

ከዚያ ብዙ ሐኪም ሊያደርገው የሚያፍረውን አደረጉ፤ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር የሰዎችን ሰገራ መዘኑ፣ ምግብ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜም ለኩ። በ1972 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው የእንግሊዝ መርከበኞች በቀን 100 ግራም ያህል ሲያስወግዱ የኡጋንዳ ገጠር ነዋሪዎች ከ400 ግራም በላይ ያስወግዱ ነበር። ምግቡ በመርከበኞቹ ሆድ ውስጥ ከ3 ቀን በላይ ሲቆይ በገጠሬዎቹ ግን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይወጣል። ልዩነቱን ያመጣው ሳይፈተግ የሚበላው እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት ውስጥ ያለው አሰር ወይም ፋይበር ነው አሉ። አሰር ሰገራን ያበዛል፤ ጎጂ ነገሮችን ያሳሳል፤ ከአንጀት ግድግዳ ጋር የሚነካኩበትንም ጊዜ ያሳጥራል።

በ1979 ለሕዝብ የጻፉት ስለ አሰር የሚናገር መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተነበበ። በርኪት እስከ እርጅናቸው ድረስ ይህንኑ በየአገሩ ሲያስተምሩ ኖረው በመጋቢት 1993፣ በ82 ዓመታቸው አረፉ።

የቱ ጸና፣ የቱ ተሻሻለ?

የበርኪት ሐሳብ በሙሉ ትክክል አልነበረም። በዚያ ዘመን በገጠር አፍሪካ ብዙ ሰው ካንሰሩ የሚበዛበት ዕድሜ ላይ አይደርስም ነበር፤ ታሞም ሳይመረመር የሚሞት ብዙ ነበር። በ2000 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ፣ ፖሊፕ የወጣላቸው ሰዎች ለጥቂት ዓመታት አሰር ቢጨምሩ ፖሊፑ ተመልሶ እንዳይመጣ አላገዳቸውም።

በሌላ በኩል፣ ብዙ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች ያልተፈተገ እህልና አሰር አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎች በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው እንደሚያንስ አሳይተዋል። ምክንያቱም የሰገራው ፍጥነት ብቻ አይደለም። በአንጀታችን ያሉ ባክቴሪያዎች አሰሩን አብላልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብና የሚጠብቅ ንጥረ ነገር ይሠራሉ። በ2015 በታተመ ጥናት የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችና ጥቁር አሜሪካውያን ለ2 ሳምንታት ምግባቸውን ተለዋወጡ። በዚህ አጭር ጊዜ ብቻ በሁለቱም ወገን በአንጀት ውስጥ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ ምልክቶች ተለወጡ፤ የአፍሪካ ምግብ የበሉት ተሻሻለላቸው፣ የአሜሪካ ምግብ የበሉት ባሰባቸው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ሳላሚና ቋሊማ ያሉ በፋብሪካ የተቀነባበሩ ሥጋዎች የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጡ አስታወቀ። ቀይ ሥጋ ማብዛትም ሊያመጣ እንደሚችል ገለጸ።

ካርታው ተለውጧል

በርኪት ዛሬ ቢኖሩና አዲስ አበባን በካርታቸው ላይ ቢያሰፍሩ ባዶ አትሆንም ነበር። በ2011 ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ መሠረት የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በከተማችን ወንዶች ላይ በግንባር ቀደምነት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው። ወጣት ታማሚዎችም ጥቂት አይደሉም።

በአራዳና በፒያሳ ያደጉ እናቶችና አባቶች ቁርሳቸው ቂንጬ፣ ጨጨብሳ ወይም የትናንት እንጀራ ፍርፍር ነበር፤ መክሰሱም ቆሎና ንፍሮ። ዛሬ ነጭ ዳቦ፣ ኬክና ለስላሳ መጠጥ በየበሩ አለ፤ መንገዱ በእግር መሄድ ቀርቶ በታክሲ ሆኗል። ይህ ሁሉ ድርሻ አለው። ሆኖም ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ እንጀራና ሽሮ የበሉ፣ ሲጋራና መጠጥ ያልቀመሱ ሰዎችም ይታመማሉ። ከ100 ታማሚዎች 5 ያህሉ በግልጽ ከወላጅ የወረሱት የዘር ለውጥ አለባቸው። በአብዛኛው ግን ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ውፍረት፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ የአንጀት የቆየ ቁስለት፣ ምግብና ዕድል ተደምረው ነው በሽታው የሚመጣው። ስለዚህ አንድን ታማሚ እያየን በዚህ ምክንያት ታመምክ ማለት አንችልም፤ ቤተሰብም ራሱን ሊወቅስ አይገባም።

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ

• ምግብ፦ እንጀራ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ፍራፍሬ ጥሩ የአሰር ምንጮች ናቸው። ውሃ አብረው ይጠጡ። አንጀትዎ የጠበበ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገልዎ ከሆነ ግን አሰር ከመጨመርዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

• የቤተሰብ ታሪክ፦ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ በዚህ ካንሰር ከታመመ ለሐኪም ይንገሩ። የብዙ አገሮች መመሪያ እንዲህ ያለ ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ኮሎኖስኮፒ እንዲደረግለት ይመክራል።

• ምልክቶች፦ ከሰገራ ጋር ደም መውጣት፣ ከ3 ሳምንታት በላይ የቆየ የሆድ ልማድ ለውጥ፣ ሳያስቡት መክሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የማይተው የሆድ ቁርጠት። ደም ሲያዩ ኪንታሮት ነው ብለው በቅባትና በባህል መድኃኒት ወራት አያሳልፉ። ብዙ ጊዜ በእርግጥ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ወጣትነትም ከምርመራ ነፃ አያደርግም።

• የጀርባ ምርመራ ማፈር፦ ሐኪሙ በጣቱ የሚያደርገው ምርመራ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዝቅ ብሎ ያለን እብጠት ቀድሞ ሊያገኝ ይችላል። ካንሰሩ ገና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሳለ ከተገኘ ብዙዎች በቀዶ ሕክምና ይድናሉ።

በርኪት ለእያንዳንዱ ታማሚ ለምን እኔ ለሚለው ጥያቄ መልስ አላገኙም፤ እኛም ዛሬ የለንም። የአንጀት ካንሰር በአንድ ቦታ በዝቶ በሌላ ቦታ የሚያንስ ከሆነ ግን ከፊሉን መከላከል እንደሚቻል አሳይተውናል። የተረፈውን በጊዜ ማግኘት ይቻላል፤ ለዚህም መጀመሪያው ያዩትን ምልክት ሳይደብቁ ለሐኪም መናገር ነው።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪም ምርመራን የሚተካ አይደለም።