ከሰቲት ዳርቻ እስከ ሃምቡርግ፦ አንበሶችን በእርጋታ ያላመደው ካርል ሃገንቤክ

እ.አ.አ በ1870 ካርል ሃገንቤክ የተባለ ወጣት የሃምቡርግ ነጋዴ ግብፅ ውስጥ ስዊዝ ከተማ ሲደርስ የጠበቀው ተራ ሸቀጥ አልነበረም። ዝሆኖች፣ ቀጭኔዎች፣ ሰጎኖች፣ ጅቦች፣ ነብሮችና የአንበሳ ደቦሎች ከምሥራቅ ሱዳን ተነሥተው፣ በረሃና ባሕር አቋርጠው መጥተዋል። ያመጣቸው ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ካሳኖቫ በጠና ታሞ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እንስሳቱን ወደ አዲስ ቤታቸው የማድረሱ ኃላፊነት በሃገንቤክ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሃገንቤክ የተወለደው እ.አ.አ በ1844 ነው። አባቱ ዓሣ ነጋዴ ነበሩ። እ.አ.አ በ1848 አጥማጆች በመረባቸው የገቡ ስድስት ሲል የሚባሉ የባሕር እንስሳት አመጡላቸው፤ አባትየውም በእንጨት ገንዳ ውስጥ አድርገው በክፍያ ለሕዝብ አሳዩ። እንደዋዛ የተጀመረው ትዕይንት የቤተሰቡ መተዳደሪያ ሆነ። ልጁ ንግዱን ተረክቦ ከአውሮፓ ታላላቅ የእንስሳት ነጋዴዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

የከሰላ መንገድ

በዚያ ዘመን ለአውሮፓ የእንስሳት ማቆያዎች ዋነኛ ምንጭ ከነበሩት አካባቢዎች አንዱ ዛሬ ገዳሪፍና ከሰላ የሚገኙበት የሱዳንና የኢትዮጵያ ድንበር ነው። አደኑ የሚካሄደው ኢትዮጵያውያን ተከዜ በሚሉት የሰቲት ወንዝና ጓንግ በሚሉት የአትባራ ወንዝ ዳርቻ ነበር። በፈረስ ተቀምጠው በጎራዴ ዝሆን የሚጥሉት የሐምራን ዐረቦች በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነ ነው።

ግልገል የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ እናቲቱ ከተገደለች በኋላ ነው። የተያዙት እንስሳት ከሰላ ላይ ተሰብስበው ወደ ሱዋኪን ወደብ ይነዳሉ። የቀኑን ሐሩር ለመሸሽ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ደቦሎቹ በግመል ጀርባ በተጫነ ሳጥን ውስጥ ሆነው ሳምንታት ያሳልፋሉ። እናት አልባዎቹን ግልገሎች በወተት ለማቆየት ፍየሎች አብረው ይነዳሉ። ከሱዋኪን ወደ ስዊዝ በመርከብ፣ ከዚያ ወደ እስክንድርያ በባቡር፣ እንደገና በመርከብ ወደ ትሪየስቴ፣ በመጨረሻም በባቡር ወደ ሃምቡርግ። በመንገድ የሚሞተው ብዙ ነበር።

ከአለንጋ ይልቅ ቁራጭ ሥጋ

በሕይወት የደረሰው እንስሳ የሚገባው ወደማያውቀው ብርድ፣ ጠረንና ድምፅ ነው። የዘመኑ አላማጆች አንበሳን የሚገዙት በአለንጋ፣ በረሃብና በጋለ ብረት ነበር። ሃገንቤክ ግን በየዕለቱ ከእንስሳቱ ጋር ሲውል ሌላ ነገር አስተዋለ፤ የተደናገጠ እንስሳ አይማርም። አንዱ አንበሳ ከሌላው በጠባይ እንደሚለይም ተረዳ። በእርሱ ዘዴ አላማጁ በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ጠባይ ያጠናል፤ ግልፍተኛውን አያስገድድም፤ የታዘዘውን በቁራጭ ሥጋና በለሰለሰ ድምፅ ይሸልማል። የሸጣቸው አንበሶች ከዓመታት በኋላ ድምፁን ለይተው እንዳወቁት በሕይወት ታሪኩ ጽፏል።

ዛሬ ከጎዳና የተነሣች ድመትን ወደ ቤታቸው ለሚወስዱ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ከዚህ አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥ ባለች አንዲት ክፍል ትቆይ፤ መደበቂያ ይኑራት፤ አትጎተት፤ ራሷ እስክትመጣ ትጠበቅ ይባላል። ድመቷና አንበሳው ዘመዳሞች ናቸውና ፍርሃታቸውም ይመሳሰላል።

እ.አ.አ በ1907 ሃገንቤክ በዚያን ጊዜ ከሃምቡርግ አጠገብ በነበረችው ስቴሊንገን መካነ እንስሳቱን ከፈተ። አንበሶቹን ከተመልካች የሚለያቸው የብረት ፍርግርግ ሳይሆን ጥልቅ ቦይ ነበር፤ የቦዩ ስፋት የተወሰነውም እንስሳቱ ምን ያህል እንደሚዘሉ ተለክቶ ነው። የሞቃት አገር እንስሳት እንደልብ መግባትና መውጣት ከቻሉ ብርዱን እንደሚለምዱም አሳየ። ንድፉ በመላው ዓለም ተቀዳ።

ያልተመለሰው ዕዳ

ለአንበሳ ያሳየው ርኅራኄ ግን ጥቁር ጥላ አለበት። ሃገንቤክ እ.አ.አ በ1876 ከዚያው ከምሥራቅ ሱዳን ሰዎችን አስመጥቶ ከግመሎቻቸው ጋር በአውሮፓ ከተሞች ለተመልካች አቅርቧል። ይህ ትዕይንት ዛሬ በኀፍረት ይታወሳል። የዋህነቱ የሚጀምረው እንስሳው እጁ ከገባ በኋላ እንጂ፣ እናቲቱ በወደቀችበት በሰቲት ዳርቻ አልነበረም።

በ1880ዎቹ የማህዲስቶች ጦርነት የከሰላን የንግድ መንገድ ዘጋ። ሃገንቤክም ፊቱን ወደ ሌሎች አገሮች አዞረ። እ.አ.አ ሚያዝያ 14 ቀን 1913 ሃምቡርግ ውስጥ አረፈ፤ መካነ እንስሳቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ደቦሎቹ ከተወሰዱበት ድንበር ግን አንበሳ ፈጽሞ አልጠፋም። እ.አ.አ በ2016 ተመራማሪዎች በአማራ ክልል አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ ምስልና በዱካ አረጋገጡ። አልጣሽ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ለእነዚህ አንበሶች አዲስ ቤት መልመድ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው የቀድሞ ቤታቸው እንዲቆይላቸው ነው።