የቤንጃሚን ፍራንክሊን ታሪክ፤ የጢስን ምክንያት የመረመረ ሰው

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በ1706 ዓመት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ከሞራ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበረ። የወለዳቸው ልጆች 17 ነበሩና ሁሉን ለማስተማር ገንዘብ አልበቃውም። ስለዚህ ቤንጃሚን በትምህርት ቤት የተቀመጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ10 ዓመቱ በአባቱ ሱቅ ገብቶ የሻማ ክር ይቈርጥ ጀመር፤ በ12 ዓመቱም የማተምን ሥራ እንዲማር ለታላቅ ወንድሙ ተሰጠ። ቀን ሲሠራ ውሎ ሌሊት ከሰው የተዋሰውን መጽሐፍ ያነብ ነበር።

ወንድሙ ቍጡ ነበረ፤ ይመታውም ነበር። ቤንጃሚንም በ17 ዓመቱ ውሉን ሳይፈጽም ሸሽቶ ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ሄደ። በኋላ ዘመን ስለ ሕይወቱ መጽሐፍ በጻፈ ጊዜ ይህን ነገር አልሸሸገውም፤ ከስሕተቶቹ አንዱ አድርጎ ቈጠረው።

በፊላደልፊያ በትጋት ሠርቶ የራሱን ማተሚያ ቤት አቆመ። በ1731 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው መጻሕፍት የሚገዙበትን ማኅበር መሠረተ። በ1736 ደግሞ ቤት በተቃጠለ ጊዜ ሮጠው እሳት የሚያጠፉ ጎረቤቶችን በማኅበር ሰበሰበ።

በዚያ አገር ክረምቱ እጅግ ብርድ ነው፤ በረዶም ምድርን ይሸፍናል። ሰዎች በቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ሰፊ ምድጃ ሠርተው፣ በላዩም እስከ ጣራ የሚደርስ የጢስ መውጫ አቁመው ብዙ እንጨት ያነዱ ነበር። ነገር ግን የሙቀቱ ብዛት ከጢሱ ጋር ወደ ሰማይ ይወጣል። ከቤት የወጣውንም አየር ለመተካት ብርድ አየር በየስንጥቁ ይገባል። በእሳቱ ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲለበለብ ጀርባው ይበርደው ነበር። እንጨቱም ከከተማ እየራቀ ዋጋው ከፍ አለ፤ ድኾችም ተቸገሩ።

ፍራንክሊን ይህን አይቶ ከብረት ሰሌዳ የተሠራ ምድጃ አሰበ። በምድጃው ውስጥ ባዶ የሆነ የብረት ሣጥን አደረገ። ጢሱ በሣጥኑ ላይ አልፎ፣ ከኋላው ወደ ታች ወርዶ፣ ከወለሉ በታች ሄዶ ወደ ጢስ መውጫው እንዲደርስ መንገድ አበጀለት። ብርድ አየርም ከታች ወደ ሣጥኑ ገብቶ፣ በብረቱ ሞቆ ወደ ቤቱ ይወጣል። በዚህ ዐይነት ጢሱ ሙቀቱን ለቤቱ ትቶ ይሄዳል። በ1744 የምድጃውን አሠራርና ጥቅም የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ።

የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ መጽሐፉን አንብቦ ደስ አለው። ፍራንክሊን ብቻውን ምድጃውን እንዲሸጥ፣ ሌላም ሰው እንዳይሸጥ የመብት ደብዳቤ ሊሰጠው ፈቀደ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር ነበረ። ፍራንክሊን ግን አልተቀበለም። ሌሎች ሰዎች በፈለሰፉት ነገር እርሱ ይጠቀማልና፣ የራሱንም ፈጠራ ለሰው ሁሉ በነጻ መስጠት እንደሚገባው አሰበ። በለንደን የነበረ አንድ ነጋዴ ምድጃውን ጥቂት ለውጦ በራሱ ስም መብት አወጣበት፤ ትርፍም አገኘበት። ፍራንክሊን ከእርሱ ጋር አልተከራከረም፤ ጠብ አይወድም ነበርና።

ነገር ግን ምድጃው ጕድለት ነበረበት። በብዙ ቤት ጢሱ በተሠራለት መንገድ አልሄድ ብሎ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። ይህን ለማስተዋል ጢስ ስለ ምን እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጢስ በራሱ ቀላል ሆኖ አይወጣም፤ ተሸክሞት የሚወጣው የሞቀ አየር ነው። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀላል። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ አየር፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ቢሆን 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ቢሆን ግን 0.75 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ቁመቱ 10 ሜትር፣ የአፉም ስፋት አንድ ካሬ ሜትር የሆነ የጢስ መውጫ ቢኖር፣ በውስጡ ያለው የሞቀ አየር 7.5 ኪሎ ይመዝናል፤ በውጭ ያለው በልኩ የሆነ አየር ግን 12 ኪሎ ነው። ከ12 ኪሎ 7.5 ኪሎ ቢቀነስ 4.5 ኪሎ ይቀራል። ጢሱን ወደ ላይ የሚገፋው ይህ የሁለቱ ልዩነት ነው። የጢስ መውጫው ቁመት በእኩሌታ ቢያጥር፣ ኀይሉም በእኩሌታ ያንሳል።

ጢሱ ግን በነጻ አይወጣም። ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ በጠባብና በጠማማ መንገድም ኀይሉን ያጠፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን በፍትጊያ የሚጠፋው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የጢሱ ፍጥነት፣ የሚገፋው ኀይልና የሚከለክለው ፍትጊያ በሚተካከሉበት ልክ ይወሰናል። ምድጃና ረዥም የጢስ መውጫ የሚሠሩ መሐንዲሶች አስቀድመው ሁለቱን ያሰላሉ።

የፍራንክሊን ምድጃ የተሰናከለው በዚህ ነው። ጢሱ ሙቀቱን ለብረቱ ሰጥቶ ስለ ቀዘቀዘ በጢስ መውጫው ውስጥ የሚወጣበት ኀይል አነሰ። ሊወጣ የሚወደውም የሞቀ አየር በግድ እንዲወርድ ተደረገ፤ መንገዱም በመጠምዘዙ ፍትጊያው በዛ። በኋላ የተነሡ ሠሪዎች ሣጥኑንና የሚወርደውን መንገድ አስወግደው ጢሱ በቀጥታ እንዲወጣ አደረጉ።

ፍራንክሊን ከዚህ በኋላ ብዙ ሥራ ሠራ። በ1752 መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን መርመሮ ገለጸ፤ ቤትን ከመብረቅ የሚጠብቅ የብረት ዘንግም አስገኘ። በ1776 የአሜሪካን ነጻነት በሚያውጀው ጽሑፍ ላይ ስማቸውን ከፈረሙት አንዱ ሆነ፤ ከዚያም መልእክተኛ ሆኖ በፈረንሳይ አገር ብዙ ዓመት ተቀመጠ። ነገር ግን የጢስን ነገር አልተወም።

በ1785 ዕድሜው 79 ሲሆን በመርከብ ወደ አገሩ ተመለሰ። የፊኛ ጠጠር ያሠቃየው ነበር፤ ማረፍ ሲገባውም በባሕር ላይ ብዕር አንሥቶ ለአንድ ወዳጁ ለሐኪም ረዥም ደብዳቤ ጻፈ። በዚህም ደብዳቤ ቤት በጢስ የሚሞላባቸውን ዘጠኝ ምክንያቶች ለያይቶ ገለጸ። አንዱ ቤት አየር ስለሚያጥረው፣ ሁለተኛው የምድጃው አፍ ከልክ በላይ ስለ ሰፋ፣ ሦስተኛው የጢስ መውጫው ስላጠረ ይጤሳል። በሌላ ቤት ደግሞ በሁለት ክፍል የነደዱ እሳቶች አየር ይሻማሉ፤ ኀይለኛው ደካማውን ያሸንፈዋል። በሌላውም ነፋስ ከኰረብታ ላይ እንደ ውኃ ወርዶ ጢሱን ወደ ታች ይመልሰዋል። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ከሆነ መድኀኒቱም ልዩ ልዩ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ሁሉን በአንድ መንገድ የሚያክም ሠራተኛ ገንዘብና ድካም በከንቱ ያጠፋል።

ለቤት የሚያስፈልገውንም አየር መለኪያ አስተማረ። በርና መስኮት ተዘግቶ እሳቱ ይነዳል፤ ቤቱም ሲጤስ በሩ ጢሱ እስኪቆም ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈታል። ከዚያ የስንጥቁ ስፋት ይለካል። የበሩ ቁመት 8 ጫማ ቢሆን 96 ኢንች ነው፤ ስንጥቁም ግማሽ ኢንች ቢሆን የአየሩ መግቢያ 48 ካሬ ኢንች ይሆናል። እንግዲህ ወርዱ 6፣ ቁመቱ 8 ኢንች የሆነ ቀዳዳ ይበቃል። ቀዳዳውም ከጣራው አጠገብ ቢሆን መልካም ነው፤ ብርዱ አየር በላይ ካለው ሙቅ አየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚወርድ ሰውን አይጐዳም።

የፍራንክሊን ሕይወት ነውር የሌለበት አልነበረም። በቤቱ ባሪያዎች ነበሩት፤ በሚያትመውም ጋዜጣ የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። በሸመገለ ጊዜ ግን ይህ ክፉ መሆኑን ዐወቀ። በ1787 በፊላደልፊያ ባርነት እንዲቀር የሚደክም ማኅበር አለቃ ሆነ፤ በ1790ም ባርነት እንዲጠፋ የሚለምን ጽሑፍ ፈርሞ ለአገሩ ምክር ቤት አቀረበ። ምክር ቤቱ ልመናውን አልፈጸመም። ፍራንክሊንም ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በ84 ዓመቱ ሞተ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። በጢስ የተጨነቀ ሰው ዐይኑን እያሸ ቢያማርር ጢሱ አይወጣለትም፤ ምክንያቱን ፈልጎ ቢያገኝ ግን ያወጣዋል። የራሱንም ስሕተት እንዲሁ የሚመረምር ሰው ቢዘገይ እንኳ ይታረማል። ዕውቀትም እንደ እሳት ነው። ጎረቤት መጥቶ እሳት ቢጭር የባለቤቱ ምድጃ አይጐድልም፤ ሁለት ቤት ይሞቃል እንጂ።